የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከድሬዳዋ ሲታይ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ የውጭ ሬዲዮ ጣቢያዎች የአጭር ሞገድ ሥርጭታቸውን ቢያቆሙ አድማጩ ዜናውን በስልኩ ስለሚያገኘው የሚጎዳ ሰው እንደሌለ ይገልጻል። ጸሐፊው ከየት ሆነው እንደጻፉት ባላውቅም፣ ነገሩ ከድሬዳዋ ሲታይ መልኩ ሌላ ነው።

እዚህ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ከየሱቁ የሚሰማው ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀው የቢቢሲ የሶማሊኛ ዝግጅት ነው፤ ጫት ይዞ የተቀመጠው እንኳ ጨዋታውን ገታ አድርጎ ያዳምጠዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የዶይቼ ቬለ አማርኛ ይከተላል። የምድር ባቡር ጡረተኞች ደግሞ፣ የሥራ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ ዛሬም በፈረንሳይኛ ካልሰሙት ዜናውን የሰሙት አይመስላቸውም። አንድ ወሬ ሲናፈስ የሶማሊኛው አድማጭና የአማርኛው አድማጭ ቡና ላይ ተገናኝተው የየሰሙትን ያስተያያሉ። እያንዳንዱ የቋንቋ ክፍል የራሱ አዘጋጆችና ዘጋቢዎች ስላሉት፣ የሶማሊኛው ስለ ሞቃዲሾና ስለ ሐርጌሳ ሲያብራራ አማርኛው ሌላ ጉዳይ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ የአንድ ቋንቋ ሥርጭት ሲዘጋ የሚጠፋው ራሱን የቻለ የዜና ክፍል ነው፤ ጽሑፉ ይህን ነጥብ ጨርሶ አላነሣውም።

የቢቢሲ የዓረብኛ ሬዲዮ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲዘጋ 85 ዓመት ሞልቶት ነበር። «ሁና ለንደን» (ይህ ለንደን ነው) የሚለውን የመክፈቻ ቃል ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ የኖሩ አንድ ጎረቤቴ፣ ባትሪው የደከመ መስሏቸው ሁለት ጊዜ አዲስ ገዝተው ቀይረዋል። ያ ሥርጭት የተጀመረው በ1930 ዓ.ም.፣ አገራችን በኢጣሊያ ወረራ ሥር በነበረችበት ዘመን ሲሆን፣ ምክንያቱም የፋሺስቱ መንግሥት ከኢጣሊያዋ ባሪ ከተማ በዓረብኛ የሚያሠራጨውን ቅስቀሳ ለመመከት ነበር። የአሜሪካ ድምፅም የተወለደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ማንም ለጽድቅ ብሎ አልጀመረውም፤ አድማጩም ይህን አያጣውም፣ አንዱን ጣቢያ ከሌላው ጋር እያመሳከረ የሚሰማውም ለዚሁ ነው። በ1975 ዓ.ም. የጀመረው የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ከሥራ እንዲርቁ ተደርጎ ሲቋረጥ፣ በዚያው ወር ዶይቼ ቬለ አማርኛ 60ኛ ዓመቱን ይዞ ነበርና፣ ለማመሳከር ከለመድናቸው ሁለት ድምፆች አንዱ በእጃችን ቀረ።

ስልክን በተመለከተ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል መቆየቱን ጸሐፊው የዘነጉት ይመስለኛል። በእነዚያ ቀናት ሐረር ያሉ ዘመዶቻችን እንዴት እንደዋሉ ለማወቅ ስንጨነቅ፣ ስለ አካባቢያችን የሚነገረውን የሰማነው ሁለት ባትሪ ከሚጎርስ ሬዲዮ ነው። የአጭር ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ላይ እየነጠረ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ በመካከል ማማም ሆነ መስመር አይፈልግም፤ አድማጩም የዳታ ሒሳብ አይከፍልም፣ ማን ምን እንዳዳመጠም አይመዘገብም። በዚያው ሞገድ ላይ ጩኸት እየተለቀቀ ሊታፈን እንደሚችል አልክድም። በ2002 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ፣ መንግሥት የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን አቅሙን ሲያዘጋጅ መቆየቱን በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ያን ጊዜ የነበረውን ጩኸት ጆሯችን አይረሳውም። ያም ሆኖ ማፈን ወጪ አለው፣ ጣቢያውም ሞገድ እየቀየረ ያመልጣል፤ ኢንተርኔትን ለማቋረጥ ግን አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ወጣቱ ሬዲዮ አይከፍትም መባሉ እውነት ነው። የእኔም ልጆች አይከፍቱም፤ በዚያ ሰኔ ግን አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጣቢያዎቹ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት፣ የአጭር ሞገድ ቁጥሮቻቸውን ይቀያይራሉ፤ ለውጡን የሚያስታውቁት ግን በአብዛኛው በኢንተርኔት ገጻቸው ስለሆነ ኢንተርኔት የሌለው አድማጭ ቀናት ሙሉ ቁልፍ ሲያዞር ይከርማል። ጋዜጣችሁ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚተላለፉትን ዝግጅቶች ሰዓትና የሞገድ ቁጥር በአንዲት አነስተኛ ሠንጠረዥ ቢያወጣ፣ እኔ ቆርጬ ከሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለሚያልፈው ሁሉ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሬዲዮ አድማጭ፣ ከድሬዳዋ