«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በጎጃም ከተሞች ያልሰማ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። በባንክ መስኮት ይነገራል፣ በገቢ ሰብሳቢ ቢሮ ይነገራል፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ይነገራል፤ የሚናገረውም የሚሰማውም እንደ በረዶና እንደ ጎርፍ የሰው እጅ የሌለበት ነገር አድርጎ ይቀበለዋል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የድርጅቶችን ሶፍትዌር በመትከልና በመጠገን ሥራ ለዓመታት የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ይህ መልስ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜው ሳይወሰን የቀረ ውሳኔ ውጤት መሆኑን ላስረዳ እወዳለሁ።

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ በሙሉ በአንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹ ኮምፒውተሮች መረጃ በሚቀዱበት ዋና ኮምፒውተር፣ ላይ ይዞ ይሠራ ነበር። በግንቦት፣ ገበሬዎች ለማዳበሪያ የሚከፍሉትን ገንዘብ ሊያወጡ በሚጎርፉበት ሳምንት፣ መብራት በአንድ ቀን አራት ጊዜ ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው የዩፒኤሱ ባትሪ አርጅቶ ኖሮ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይዝ ቀረና ሰርቨሩ ሒሳብ እየመዘገበ ሳለ ድንገት ተዘጋ፤ መብራት ሲመጣ ሒሳቡ የተከማቸበት ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ተጠርቼ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ «ግዴለም፣ ባክአፕ አለን» አሉኝ። እውነትም በየሌሊቱ የሚቀመጥ የመጠባበቂያ ቅጂ ፋይል ነበር። አንድ በአንድ ስንከፍተው ግን የመጨረሻዎቹ 11 ቀናት ፋይሎች ስም ብቻ እንጂ በውስጣቸው ምንም አልነበረባቸውም፤ ማስቀመጫው ዲስክ ሞልቶ ኖሮ ፕሮግራሙ ስሕተቱን ማንም ከፍቶ በማያየው መዝገብ ላይ በየሌሊቱ ሲጽፍ ሰንብቷል። ያን ፕሮግራም የተከልሁት እኔ ነበርሁ፤ አንድም ቀን ግን ፋይሉን መልሼ ከፍቼ አልሞከርሁትም።

ከአነደድ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከበሩ ሥር እስከ ማታ ተቀምጠው ጠበቁ። በማግስቱ ገንዘባቸውን ሊያገኙ የቻሉት በደብተሩ የመጨረሻ መስመር ላይ ቀሪ ሒሳባቸው በእጅ ተጽፎ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ስለነበር ብቻ ነው። የ11 ቀኑን ሒሳብ ከደረሰኝ ላይ እየለቀምን ወደ ኮምፒውተር ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ድርጅት ሶፍትዌር እንድተክልለት ሲጠራኝ አስቀድሜ ሁለት ጥያቄዎች አቀርባለሁ። ሥራችሁ ስንት ሰዓት ቢቆም ትችላላችሁ? የስንት ሰዓት መረጃስ ቢጠፋባችሁ ትችላላችሁ? የመጀመሪያውን በሙያው ቋንቋ አር.ቲ.ኦ.፣ ሁለተኛውን አር.ፒ.ኦ. እንላቸዋለን። ባክአፕ የሚወሰደው በሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ድርጅቱ ሳያውቀው የአንድ ሙሉ ቀን ሒሳብ ቢጠፋበት ተስማምቷል ማለት ነው። ይህን መፍቀድም ሆነ መከልከል የቦርድ ሥራ ነው፤ በደመወዝተኛ ቴክኒሻን ትከሻ ላይ ሊጣል አይገባውም። ሻጮች የሚጠሩትን መቶኛም ማስላት ይገባል፦ «99 በመቶ ይሠራል» የተባለ አገልግሎት በዓመት ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ሊቆም ይችላል፣ 99.9 በመቶ የተባለውም ወደ 9 ሰዓት ገደማ። ያ ዘጠኝ ሰዓት በግንቦት የገበያ ቀን ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚያስከትል ለአገሬው ሰው መንገር አያስፈልግም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ስሕተት አገልግሎት እንዳይቋረጥ ማድረግንና ከአደጋ በኋላ መልሶ መቆምን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሁለተኛ ሰርቨር ገዝቶ ከመጀመሪያው አጠገብ ማቆም አንዱ ሲበላሽ ሌላው ተክቶ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ሁለቱም ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ የመብራት መስመር፣ ከአንድ ጣሪያ ሥር ከሆኑ ግን እሳትና ሌባ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ይወስዳቸዋል። ከዚህም በላይ፣ ሁለተኛው ሰርቨር የመጀመሪያውን በየሰከንዱ የሚገለብጥ ከሆነ ስሕተቱንም አብሮ ይገለብጣል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ሜርስክን፣ ያን ግዙፍ የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት፣ ሲመታ የሆነው ከዚህ የሚቀራረብ ነበር። የሠራተኞቹን መለያና ፈቃድ የሚይዙት ሰርቨሮች እርስ በርስ እንዲገለባበጡ ተደርገው ስለነበር አንዱ ለሌላው ምትክ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ግን ሳይነካ የተገኘው ጋና ውስጥ በመብራት መጥፋት ምክንያት ከኔትወርክ ውጪ የነበረው አንዱ ብቻ ሆነ። ድርጅቱ በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና መትከል ነበረበት፤ ያም የተቻለው ከጋና በተገኘው ቅጂ መነሻነት ነው። እኛ ዘንድ በየቀኑ የሚረገመው የመብራት መቋረጥ እዚያ ድርጅቱን አተረፈው፤ ከመስመር ተነጥሎ የሚቀመጥ ቅጂ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከሦስቱም አንዱ ከግቢው ውጪ እንዲሆን እመክራለሁ። የጎጃም ገበሬ ዘሩን ከሚበላው እህል ለይቶ ማኖርን ከማንም አልተማረም፤ ለሒሳብ መዝገባችንም ያንኑ ጥንቃቄ ማድረግ እንችላለን። ደብረ ማርቆስ ያለ ድርጅት አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ባለ ቅርንጫፉ በተቆለፈ ካዝና ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። «ሁሉን ክላውድ ላይ እንጫነው» የሚሉኝም አሉ፤ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት የሩቅ ማስቀመጫ፣ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ያየ ሰው ብቸኛ ቅጂውን በኢንተርኔት ብቻ ከሚደረስበት ቦታ ሊያኖር አይገባም። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ቢሮው በምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ደረሰኝ በእጅ እንደሚቆረጥና ኋላ በማን እንደሚመዘገብ በወረቀት ተጽፎ መገኘት አለበት።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሙከራው ነው። በጥር 2009 ዓ.ም. ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች አገልግሎት ሰጪ ዋና ዳታቤዙን አንድ ባለሙያ በስሕተት ሲያጠፋበት፣ ከነበሩት አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው ሆኖ አልተገኘም፤ በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት በተወሰደ ቅጂ ነው የተነሣው። እነዚያ ሰዎች ከእኛ ያነሰ እውቀት ወይም ገንዘብ ኖሯቸው አይደለም። መልሰው ከፍተው አልሞከሩትም፣ እኔም አልሞከርሁትም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁላችንም የነቃነው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ያ የቁጠባና ብድር ማኅበር አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ባክአፑን በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንደገና ይከፍታል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋም የሦስት አባላትን ቀሪ ሒሳብ ከደብተራቸው ጋር ታመሳክራለች። ለዚህ ከአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ በቀር የወጣ ወጪ የለም። ቦርዱ በቃለ ጉባኤ የወሰነው ሥራ ከቆመ በ2 ሰዓት ውስጥ እንደገና እንዲጀመር ሲሆን፣ ባለፈው ወር ሙከራ ግን 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀብን። የዘገየነው የሶፍትዌሩን የፈቃድ ቁጥር ስንፈልግ ነው፤ የሚያውቀው ሠራተኛ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ቁጥሩ አሁን በወረቀት ታትሞ፣ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ገብቷል፤ በመጪው ቅዳሜ እንደገና ሰዓት እንይዛለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ