ለደንበኞቻችን፦ ስለ ፉሉ ዋጋና ስለዚያች ወረቀት

ከዚራ፣ ድሬዳዋ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ካለፈው ወር ጀምሮ ስፔሻል ፉል ከ130 ወደ 165 ብር፣ ፈጢራ በማር ደግሞ ከ150 ወደ 190 ብር ከፍ ብሏል። ተራ ፉል በ80 ብሩ ቆሟል። ብዙዎቻችሁን ያስቀየመው ግን ጭማሪው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። በዚህ ዘመን ያልጨመረ የለም። ያስቀየማችሁ ከሒሳብ መቀበያው በላይ የለጠፍኳት ወረቀት ናት፤ «ስፔሻል የሚበላ ተራውን ይደጉማል» የምትለው። አንዱ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለቀቃት፤ በማግስቱ ጠዋት የማላውቀው ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያነባት ጀመር።

ይቅርታውን አስቀድሜ ልበል። ሳላማክራችሁ መለጠፌ ልክ አልነበረም፤ ጭማሪውንም አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ መንገር ነበረብኝ። «ካልተመቻችሁ ተራውን ብሉ» ብሎ የመለሰላችሁን ልጅም ተቆጥቼዋለሁ። ወረቀቷ ወርዳለች። ዋጋው ግን አልወረደም፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ ወጪውን ስሙኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፎ ሄደ። እኔ ዶላር አልገዛም። ዘይቱ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ባቄላውን ከደጋ የሚያወርደው መኪናም ነዳጅና ጎማ ይፈልጋል። ዛሬ አንድ ሳህን ተራ ፉል ከነዳቦው 91 ብር ይፈጅብናል። የምንሸጠው በ80 ነው፤ በእያንዳንዱ ሳህን 11 ብር እንከስራለን። በቀን ወደ 70 ሳህን ይወጣል፣ ኪሳራው 770 ብር ማለት ነው። ስፔሻሉ ላይ ከጨመርነው 35 ብር ውስጥ 19ኙ የራሱ የእንቁላል፣ የዘይትና የአቮካዶ ጭማሪ ነው። ቀሪው 16 ብር ነው ወደ ተራው የሚሄደው። ስፔሻል በቀን 50 ያህል ይሸጣል፤ 800 ብር ይሆናል። 30 ብር ትተርፋለች፣ እሷም ለሶፍት አትበቃም። ፈጢራው የራሱን ወጪ ብቻ ነው የሚችለው። «በደሃ ስም ራሷን ልትገነባ ነው» ላላችሁኝ ሒሳቤ ይኸው።

ደሞ ንጹሕ ጽድቅ ነው አልላችሁም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አግዳሚውን የሚሞሉት ተሸካሚዎቹ፣ የባጃጅ ልጆችና የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ስፔሻል የምትበሉት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ስትመጡ ቤቱ ሞቆ፣ ባቄላው በስሎ፣ ዳቦው ደርሶ የሚጠብቃችሁ እነሱ ስላሉ ነው። እነሱ ከቀሩ ድስቱ ግማሽ ይሆናል፤ ግማሽ ድስት የሚፈጀው ከሰል ደግሞ ከሙሉው ብዙም አያንስም። ስለዚህ ለራሴም ብዬ ነው።

ከሁሉ ያመመኝ «ማን ገቢ ሰብሳቢ አደረገሽ?» የሚለው ነው። አንድ ወንድማችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ እናቴ ካለችበት ጊዜ ጀምሮ የሚመጣ፣ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ «አቦ፣ ደሞዜ እጄ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጣል። የተረፈችውን ይዤ ስመጣ ቫት አለ። አሁን ደግሞ አንቺ ሦስተኛ ሆነሽ መጣሽ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እውነት አለውና።

ባለፈው ዓመት በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከ14,000 ብር በላይ ላለችው ለእያንዳንዷ ብር 35 በመቶ ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ እርከን የለም። 16,000 የሚያገኘው ይህ ወንድማችንና በወር ብዙ መቶ ሺህ የሚያገኝ ሰው የመጨረሻዋ ብራቸው እኩል ነው የምትቆረጠው። የእሱ ደግሞ መደበቂያ የላትም። ነጋዴ ደረሰኝ ባለመቁረጥ ሊያመልጥ ይችላል፤ ደሞዝተኛ በየት በኩል? ይህን የምለው ነጋዴ ሆኜ ነው፣ ጎረቤቶቼ አትቀየሙኝ።

ቫቱንም እንየው። የ80 ብር ፉል ላይ 12 ብር ቫት ይታከላል። 12ቱ ብር እኔ ጋ አትቀመጥም፤ በየወሩ አስገባለሁ፣ ደረሰኙን የማይጠይቅ ሰው ሲያጋጥመኝም እቆርጣለሁ። ግን ተመልከቱት፤ ያቺን 12 ብር ሌሊት ጆንያ ሲያወርድ ያደረው ልጅም ይከፍላታል፣ ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ደንበኛችንም ይከፍሏታል። ቫት ፊት አያይም። ለእሳቸው 12 ብር ምንም አይደለችም፤ ለልጁ ግን የማለዳ ሻይ ናት። ወረቀቷን የጻፍኩት ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ፣ ጾም በያዝኩበት ጠዋት፣ ትንሽ በንዴት ነው። አሁን ስለው ልጅነት ይመስለኛል።

ባለመኪናውን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። እሳቸው የሚበሉት ተራ ፉል ነው! ዘወትር። ተራ ፉልና ቅመም ሻይ፣ ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይነሳሉ። በእኔ ሥርዓት እሳቸው የሚደጎሙት ሆኑ፤ ደሞዝ በተቀበለች ቀን ብቻ ስፔሻል የምታዝዘው ነርስ ደግሞ ደጓሚ ሆነች። ይህን ያሳየችኝ ራሷ ነርሷ ናት፤ በትህትና ነው የነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። መልስ የለኝም። በር ላይ ቆሜ «ገቢዎ ስንት ነው?» ብዬ አልጠይቅ። ከሳህኑ ሌላ የማየው ነገር የለም፣ ሳህን ደግሞ ይዋሻል።

ከመጋላ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የሚመጡት ሐጂ ግን መልስ ነበራቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ዘካ እኮ ከሀብት ነው የሚወጣው፣ ከሚበላው አይደለም። ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ የሚያስወጣው የሀብት መጠን፣ የሞላለት፣ ዓመት የዞረበት ገንዘብ ላይ ከአርባ አንድ። አንቺ ከሰው አፍ ነው የያዝሽው።» ዋጋውን ለሁሉም እኩል አድርጊው፣ የቻለ በፈቃዱ ይጨምር አሉ። አላወቁም እንጂ ሐጂ፣ ያንን ሞክሬዋለሁ። መስከረም ላይ ለሁለት ሳምንት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቀድጄ ሒሳብ መቀበያው ላይ አስቀምጬ ነበር፤ «ለአንድ ሰው ቁርስ» የሚል ጽፌበት። 340 ብር ተገኘ፣ አንዲት የተቀደደች አስር ብርም አለችበት። ማንንም አልወቅስም። ሰው ቸር ነው፤ ግን የሚቸኩል ነው፣ ኪሱ ውስጥ ዝርዝር የለውም፣ ነገ እሰጣለሁ ይላል። ዘካም ቢሆን ግዴታ የሆነው በከንቱ አይመስለኝም። እኛ ክርስቲያኖቹም አስራት ስንባል ከአስር አንድ እንጂ ደስ ያለህን አልተባልንም፤ መስጠቱ ላይ እንዴት እንደሆንን እግዚአብሔር ይወቀው።

አንዳንዶቻችሁ ነገሩን ከደርግ ጋር አያያዛችሁት። «ትርፍ ቤት ወራሽ» የሚል ቅጽል ስም የወጣልኝ መሆኑን ሰምቻለሁ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይህ ቀልድ ቤታችን ውስጥ አጥንት ይነካል። አያቴ የምድር ባቡር ዎርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ከደሞዙ እየቆጠበ ከመኖሪያው ሌላ ሁለት ክፍል ሠርቶ አከራየ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና ሁለቱ ክፍሎች ተወሰዱ። አያቴ ባላባት አልነበረም፣ እጁ ግሪስ የማይለቅ ሰው ነበር። እስኪሞት በዚያ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን የምትቀመጡበት ይህ ቁርስ ቤት ደግሞ የቀበሌ ቤት ነው። እናቴ በ1974 ስትከራየው በአነስተኛ ኪራይ ነው ያገኘችው፤ ሌላ ሰው እንደ አያቴ የተወሰደበት እንደሆነ ማን ያውቃል። በአንዱ በር ወጣብን፣ በሌላው ገባልን። እናቴ ስለዚያ አዋጅ ሲጠይቋት ዝም ትል ነበር፤ ዝም የምትለው መልስ አጥታ አልነበረም፣ ሁለቱንም ስለምታውቅ ነው።

ስለ ግብርም ቢሆን ተበዳይ መሆንን አናጣውም። በ2009 የቀን ገቢ ግምት በተባለበት ጊዜ ቤቱን እናቴ ናት የምትመራው። ገማቾች ሲመጡ ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ ከገጠር የወረደ ገበያተኛ ሞልቷል። ግማሽ ሰዓት ቆጥረው ሄዱ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ሆነችና መጣችብን። በየከተማው ሱቅ የተዘጋበት ክረምት ነበር፤ እሷ ግን አልዘጋችም። «እኔ ብዘጋ የባቡሩ ልጆች የት ይበላሉ?» አለች። ባቡሩ እንኳ ከቆመ ዓመታት አልፈውት ነበር፣ የእሷ አፍ ግን አልተወውም። ተበድረን ከፈልን። ከዚያ ወዲህ መዝገብ እይዛለሁ፤ ይኸው የፉሉን 11 ብር ልነግራችሁ የቻልኩትም ለዚያ ነው።

በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ያን ሁሉ ሰው የወሰደ ጊዜ እናቴ የነበራትን ዱቄት በሙሉ ዳቦ አድርጋ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ባዶ ሆነ። ዱቄቱን የሞሉላት እናንተ ናችሁ። ማን ስንት እንዳመጣ ያኔ የቆጠረ የለም። ይህን ውለታ ለመቁጠር አይደለም የማነሳው፤ እኔን ያሳደገኝ ምን እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

የመጨረሻው ነገር የልጆቹ ደሞዝ ነው፤ በዚህ ላይ ማንም አልጠየቀኝም፣ ቢሆንም ልናገር። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ እስካሁን የለም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ከመስከረም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ 6,000 ብር ሲሆን አስተናጋጆቼ ዝም ብለው አዩኝ። የሚከፈላቸው 3,600 ነበር። አሁን 4,500 አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ላይ 400 ብር ግብር፣ 315 ብር ጡረታ ተቆርጦ 3,785 እጃቸው ይገባል። እኔ ደግሞ ለጡረታቸው 495 ብር እጨምራለሁ። ይህ ጭማሪ ከስፔሻሉ አልመጣም፤ ከእኔ ነው የወጣው፤ ልጄን ክፍያው ከፍ ካለው ትምህርት ቤት አውጥቼ። ስላሳፈረኝ አልለጠፍኩትም።

የተለወጠው ይህ ነው፦ ወረቀቷ አትመለስም። ለነርሷና ለመሰሎቿ ግማሽ ስፔሻል በ90 ብር ጀምረናል፤ ማንንም አይደጉምም፣ በራሱ የሚቆም ነው። ባለመኪናው ተራቸውን ይብሉ፣ እሳቸው ጋ አልከራከርም። የስፔሻሉ 165 ግን እስከ ጥር ይቆያል። ባቄላ ከረከሰ አወርደዋለሁ፤ ከተወደደም ቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ከቀራችሁት መካከል ስድስታችሁ የዱቤ ደብተር ላይ አላችሁ። ልጠይቃችሁ ብዬ አይደለም። ዱቤ አለብኝ ብላችሁ በሌላ መንገድ የምትዞሩ ከሆነ ግን አትዙሩ፤ ሌላ ጊዜ ይከፈላል። የመስኮቱ ማራገቢያ ተሠርቷል፣ አግዳሚውም ጥላው ውስጥ ገብቷል። ፉሉ እስከ አራት ሰዓት አለ።

አክባሪ እህታችሁ፣
የቁርስ ቤቱ ባለቤት