ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት፦ ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኮሚሽነር፣

የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው በ1988 ዓ.ም. ሲጀመር ከአምስቱ ንዑስ ፕሮግራሞች አንዱ የሰው ሀብት አስተዳደር ነበር። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ውጤት ተኮር ሥርዓት ተከተለ፤ ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት፣ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን እያለ ቀጠለ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም በ1994፣ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተተክቷል። ለውጥ አላነሰንም። በሰው ሀብት አስተዳደር ሙያ ላይ ሆኜ ከእነዚህ የሚበዙትን አሳልፌአለሁ፤ ሁሉም ስሙ ቢለያይ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ድልድል ላይ፣ ማለትም ሠራተኛውን በአዲሱ መዋቅር የሥራ መደቦች ላይ እንደገና መመደብ ላይ ነው። የምጽፍልዎትም ስለ ድልድል ብቻ ነው።

«አዲስ መዋቅር እየተጠና ነው» ከተባለበት ቀን አንሥቶ የምደባ ዝርዝሩ በሰሌዳ እስኪለጠፍ ያለው ጊዜ በለውጥ ሪፖርቶች ውስጥ ቦታ ሲሰጠው አላየሁም። መሥሪያ ቤት የሚጎዳው ግን ያን ጊዜ ነው። ቅጥር፣ ዕድገትና ዝውውር ይታገዳል። ኃላፊው ተጠባባቂ ይሆናል፤ ተጠባባቂ ደግሞ የሚያስጠይቅ ወረቀት ላይ አይፈርምም። ባለሙያው ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ላላወቀው መዝገብ አይጨነቅም። ባለጉዳይ ሲመጣ «መዋቅር ላይ ነን» ይባላል፤ እርሱ ደግሞ ስለ መዋቅር የሚያገባው ነገር የለም፣ የመጣው ለጉዳዩ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚለቀው ሌላ ቦታ ሥራ የማያጣው ነው፦ የሒሳብ ባለሙያው፣ መሐንዲሱ፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱን ያቆመው ልጅ። ለውጡ ይዞት ሊቀጥል የሚፈልገውን ሰው ለውጡ ራሱ ይሸኘዋል። የሚቀረው ሰነፉ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ታታሪ ሠራተኛም ይቀራል፤ የሚቀረው ግን አንገቱን ደፍቶ ነው።

ከዚያ የመመዘኛው ጉዳይ ይመጣል። በየስድስት ወሩ የምንሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና በደኅናው ጊዜ አለቃና ሠራተኛ ላለመቀያየም የሚስማሙበት ቅጽ ሆኗል። ሁሉም ከፍተኛ ነው። ሁሉም ከፍተኛ ከሆነ ቅጹ በድልድል ቀን ሰውን ከሰው አይለይም፤ ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው «አመለካከት» የሚባለው ነጥብ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ የሚሰጠው አለቃው ነው። በዚህ ምክንያት ፈተናን ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞችና አመራሮች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ሲፈተኑ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ወረቀት ከአለቃ ስሜት ይሻላል ባይ ነኝ። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አንድ ሠራተኛ በፈተና ሲወድቅ፣ ለዓመታት ከፍተኛ ነጥብ እየሞላ የፈረመለት ማን እንደሆነ አብሮ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ይህ ካልተጠየቀ ቀጣዩ ምዘናም በዚያው እጅ፣ በዚያው ይሉኝታ ይሞላል።

ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ። የድልድል ኮሚቴውን ሰነድ የሚያዘጋጀው፣ የግል ማህደሩን የሚያገላብጠው፣ ነጥቡን የሚደምረው የሰው ሀብት ባለሙያ ራሱ በዚያው ድልድል ውስጥ ተወዳዳሪ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ይህንን ሥራ ስንሠራ ባልደረቦቻችን ሻይ አብረውን መጠጣት አቁመው ነበር፤ አልፈረድኩባቸውም። ቅሬታ ያለውም ቢሆን፣ ቅሬታ አጣሪው ኮሚቴ የውሳኔ ሐሳቡን የሚያቀርበው ድልድሉን ላጸደቀው የበላይ ኃላፊ ነው። ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት እስኪደርስ መደቡ በሌላ ሰው ተይዟል፤ አሸናፊ ቢሆን እንኳ የሚመለስበት ወንበር ያጣል።

ስለዚህ ኮሚሽኑ በመመሪያ እንዲያስቀምጥልን የምጠይቀው ይህንን ነው። የሥራ መደቦቹ ዝርዝር፣ ተፈላጊ ችሎታውና የነጥብ አሰጣጡ ሰው ከመመደቡ በፊት ለሠራተኛው ይገለጽ፤ ከተገለጸም በኋላ አይቀየር። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ነጥቡን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይቀበል። የሰው ሀብት ክፍሉ ሠራተኞች ከሌሎቹ አስቀድመው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ በመጣ ኮሚቴ ይመደቡ፤ ሌላውን መመደብ የሚጀምሩትም የራሳቸው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ይሁን። የድልድል ቅሬታ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ በላይ በሆነ አካል ይታይ፤ ውሳኔ እስኪያገኝም አቤቱታ የቀረበበት መደብ በቋሚነት አይያዝ። ለተጠባባቂነት የጊዜ ገደብ ይበጅለት፤ ገደቡ ሲያልፍ የሚጠየቀው የበላይ ኃላፊው እንጂ ተጠባባቂው አይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመደቡ የሚነሣ ሠራተኛ ወንበሩንና ኮምፒውተሩን ቆጥሮ ያስረክባል፤ ያለዚያ ክሊራንስ አያገኝም። የጀመረውን መዝገብ፣ የትኛው ውል መቼ እንደሚያበቃ፣ የትኛው አቤቱታ የት እንደቆመ ግን የሚረከበው የለም። የድልድል መመሪያው የሥራ ርክክብን እንደ ንብረት ርክክብ አስገዳጅ ካላደረገ፣ አዲስ ተመዳቢው የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው የቀደመውን ሠራተኛ በስልክ በማፈላለግ ነው። በአዲሱ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያዎች ላይ ይህ እንዲካተት እጠይቃለሁ፤ ኮሚሽኑ የማይቀበለው ነጥብ ካለም ምክንያቱን በይፋ ቢገልጽልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ