«ቦርዱ ሞቷል» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ጀምሬ ዛሬ አብዛኛው ሥራዬ ላፕቶፕ ሆኗል። የሙያ ጓደኞቼን ለማስቀየም አልጽፍም፤ ቅር የሚለው ካለም ምን ላድርግ።

መምህሩም፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛዋም፣ ተማሪውም ይዘው የሚመጡት አንድ ችግር ነው፦ ሶኬት ላይ እያለ ይሠራል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ድርግም ይላል። ብዙዎቹ ሌላ ቤት «ቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ሞቷል» ተብለው፣ አንዳንዱም እንደ መለዋወጫ ዕቃ በርካሽ ሊሸጠው ተስማምቶ ነው የሚደርሰኝ። ቦርዱ ከሞተ በመብራትስ እንዴት ይነሳል? እርግጥ ቦርዱ ላይ ባትሪ የሚሞላው ክፍል ሊቃጠል ይችላል። እሱ ግን መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ የምጀምረው ከቻርጀሩ ነው። ብዙ የዴልና የኤችፒ ክብ ጫፍ ቻርጀሮች መሃላቸው ላይ ቀጭን መርፌ አላቸው። ዋናውን ኃይል የምታስገባው እሷ አይደለችም፤ የቻርጀሩን ማንነት ለላፕቶፑ የምትነግር ናት። ከተጣመመች ወይም ሽቦዋ ውስጥ ለውስጥ ከተበጠሰ ላፕቶፑ በመብራት ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ 45 ዋት ሲሰካም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ብቻ ይዞ የመጣውን «ቻርጀርህን አምጣ» ብዬ እመልሰዋለሁ። ከደንበጫ የመጣ ሰው ይቆጣኛል፤ እውነቱን ነው።

ቻርጀሩ ደህና ከሆነ፣ ባትሪው የሚወልቅ ዓይነት ሲሆን ቻርጀሩንም ባትሪውንም ነቅዬ ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኜ እይዛለሁ፣ ከዚያ መልሼ እሰካለሁ። አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። ካልሆነ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ። ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘውንና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። 48,000 ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው 6,000 ላይ ከወረደ ባትሪው አልቋል፤ ስክሪኑ ላይ 100 ፐርሰንት የሚለውም የዚያችን የቀረችውን 100 ነው። ሪፖርቱ ባትሪ የሚባል ነገር ጭራሽ ካላየ ደግሞ ባትሪው ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን ማገናኛ አያለሁ።

ድሮ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር። ከደጋ ዳሞት የመጣ አንድ ደንበኛዬ የላፕቶፑን ባትሪ ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ አምጥቶልኛል! የሊቲየም ባትሪን ሙቀት ያስረጀዋል እንጂ አያድነውም። «ጨርሰህ እያወረድክ ሙላው» የሚለውም ምክር የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን ነው። ያበጠ ባትሪ ከሆነ፣ ማለትም የመዳፊት ሰሌዳው ወይም ኪቦርዱ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ቻርጅ ማድረግ ይቁም። አይወጋ፣ አይጫኑት፤ እሳት ያነሳል።

የምለምነው ይህን ነው። ጠጋኝ ወገኖቼ ደረሰኝ ላይ ሁለቱን የሪፖርት ቁጥሮች እንጻፍ፣ አሮጌውን ባትሪም ለባለቤቱ እናሳይ። ደንበኞችም «ኦሪጅናል» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈበት አትመኑ፤ ኮፒ ባትሪ ቁጥሩንም ሊዋሽ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቻርጀሩን አስነቅሉና አንድ ሻይ እስክትጠጡ እዚያው ሱቁ ውስጥ አሠሩት።

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ከፍኖተ ሰላም