ጅማ የፍሳሽ ደንቧን በአደባባይ ትለጥፍልን

ለክቡር አዘጋጅ፣

የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ሲጸዳ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝም ቦይ ተሠርቶ በክዳን ሲሸፈን በማየታቸው ደስ ካላቸው የጅማ ነዋሪዎች አንዱ ነኝ። የምጽፍላችሁ ግን ከክዳኑ ሥር ስለሚሄደው ነገር ነው። የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚቆፈረው ለዝናብ ውኃ ነው። በብዙ ሰፈሮቻችን ግን የወጥ ቤትና የልብስ እጣቢ፣ የላቫጆ ውኃ፣ ከአንዳንድ ግቢዎችም የሽንት ቤት ፍሳሽ ጭምር ይወርድበታል። የሚደርሰውም አዌቱ ዘንድ ነው።

የከተማው አስተዳደር ወደ ቦይ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ፣ የማይገባውን ነዋሪው የት እንደሚያደርሰው፣ ጥፋት ሲፈጸም የትኛው ቢሮ እንደሚጠየቅ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በአጭሩ ጽፎ በየቀበሌው ይለጥፍልን። እንዲህ ያለ ደንብ ካለ ወጥቶ እንየው፤ ከሌለ ይጻፍ።

አገራዊ ሕግ አላጣንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ከሴፕቲክ ታንክና ከማስረጊያ ጉድጓድ የሚወጣ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ውኃ እንዳይለቀቅ ገና ያኔ ከልክሎ ነበር። የ1995 ዓ.ሙ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የከተማን ቆሻሻ ሰብስቦ በአግባቡ የማስወገዱን ሥርዓት የመዘርጋት ኃላፊነት በከተማ አስተዳደሮች ላይ ጥሏል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ሕጉ የሚናገረው ስለ ወንዝና ስለ ውኃ አካል ነው፤ ቱቦውን ወደ መንገዱ ዳር ያወጣ ሰው ግን «እኔ ቦይ ውስጥ እንጂ ወንዝ ውስጥ አልለቀቅሁም» ይላል። የከተማ ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህች ቀዳዳ ነው። ቦይ የወንዙ አንድ አካል መሆኑ በማያሻማ ቃል መጻፍ አለበት።

እኛ ሰፈር የደረሰውን ልናገር። አንድ አልጋ የሚያከራይ ፎቅ ቤት ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ እስኪጠነክር ጠብቆ የጉድጓዱን ፍሳሽ በፓምፕ ወደ ቦይ ይለቃል። ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሽታው ግን ይቀራል። ዝናቡ በድንገት ያቆመ ዕለት ደግሞ ፍሳሹ ልጆች በሚሻገሩበት ድልድይ ሥር ተኝቶ ያድራል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባለቤቱን ቢያነጋግሩት «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አላቸው። አቤት ለማለት ስንሄድ አንዱ ቢሮ የውኃና ፍሳሽ ጉዳይ ነው አለን፤ ወደዚያ ብንሄድ ቦዩ የመንገድ ነው ተባልን፤ ሌላው ደግሞ ጤናን እንድናነጋግር ነገረን። ያነጋገሩን ሠራተኞች ትሑታን ነበሩ። አንዳቸውም ግን «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚል ወረቀት በጠረጴዛቸው ላይ አልነበረም።

ይህ የሽታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣችሁን አላስቸግርም ነበር። በየሰፈሩ የቤት ውኃ መስመር ቦዩን አቋርጦ፣ አንዳንዴም እዚያው ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ሲያልፍ ታያላችሁ። ቧንቧ ሙሉ ሆኖ ሲፈስ ግፊቱ ቆሻሻውን ወደ ውጭ ይገፋል። ውኃ ሲቋረጥ ግን ቧንቧው ባዶ ይሆንና በስንጥቁና በላላው መጋጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ዘወትር ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ውኃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀዳው ጀሪካን ቦዩ ውስጥ የነበረውን ይዞ ይገባል። አተትና ታይፎይድ ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኙም። ስለዚህ ደንቡ ስለ ፍሳሽ ብቻ ማውራት የለበትም፤ የውኃ መስመር በቦይ ውስጥ እንዳያልፍ መከልከል፣ ያለፈውንም ለማንሳት ቀን መቁረጥ አለበት።

ቦዩን የሚደፍነው ደግሞ እኛው ራሳችን ነን። የጫት ገረባ፣ ፌስታል፣ ከምግብ ቤት የሚደፋ ቅባት አንድ ላይ ሲጣበቁ ውኃ አያሳልፉም፤ ጎርፉ ወደ አስፋልቱ ይወጣና የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ይዞ ሱቅ ውስጥ ይገባል። ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች እጣቢያቸው ከግቢ ሳይወጣ ቅባቱን የሚያስቀር ሳጥን እንዲኖራቸው ማስገደድ ይቻላል፤ ለአንድ ሆቴል ይህ ትልቅ ወጪ አይደለም። ጋራዦችም የተቃጠለ ዘይታቸውን በበርሜል ይያዙት።

ቅጣት ብቻውን ግን መልስ አይሆንም፤ በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በመርካቶና በሂርማታ አካባቢ በተጠጋጉ አሮጌ ቤቶች ብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ይጋራል። አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታም የለም፤ መምጠጫ መኪናውም በጠባቡ መንገድ አይገባም። ወደ ቦዬና ወደ ኪቶ ረግረግ ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ስለሆነ በክረምት ጉድጓዱ ከሥር ይሞላል፤ አስመጥጠውት በሳምንቱ ተመልሶ ይሞላል። እነዚህን ሰዎች «ወደ ቦይ አትልቀቁ» ብሎ ቀጥቶ መሄድ ግፍ ነው። ለእነሱ ረጅም ቱቦ ያለው መኪና፣ የተደጎመ ዋጋ፣ በከተማው ወጪ የሚሠራ የጋራ ሽንት ቤት ያስፈልጋል። ዋጋውም ተለጥፎ ይታይ፤ ለሾፌሩ በእጅ የሚሰጠው ብር ይቅር። መኪናው የመጠጠውን የት እንደሚደፋም ይነገረን፤ ማታ ከከተማ ዳር ረግረግ ውስጥ ከተገለበጠ በቦይ ከተለቀቀው አይለይም።

ለባለ ፎቆቹ የሚሆን አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤትና አልጋ ቤት ሁሉ በየዓመቱ የንግድ ፈቃድ ያድሳሉ። ሲያድሱ ጉድጓዳቸውን ያስመጠጡበትን ደረሰኝ ያምጡ። ሃያና ሠላሳ አልጋ እያከራየ ዓመቱን ሙሉ አንድም ደረሰኝ የሌለው ቤት ፍሳሹን ወዴት እንዳደረሰው ተቆጣጣሪው ሌላ ማስረጃ ሳይፈልግ ሊጠይቀው ይችላል። አዲስ ሕንፃም የሳኒተሪ ፕላኑ በወረቀት ጸድቆ ብቻ አይለፍ፤ ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት መጥቶ የሚያይ ሰው ይኑር።

ባለሙያ የለንም እንዳይባል የጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነቱ ዘመን ጀምሮ ለአገሪቱ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነ ተቋም ነው። የአዌቱንና የቦዬን ውኃ ያጠኑ መምህራንም አሉት። ጥናታቸው ደንቡ ሲረቀቅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። አዌቱ ከከተማችን ሲወጣ በቦዬ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል፤ ግልገል ጊቤም 184 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ግድብ ይገባል። በዚያ መንገድ ላይ ከብት የሚያጠጣ፣ ጎመን የሚያለማ፣ ልብስ የሚያጥብ ገበሬ አለ፤ ጅማ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥበት ምክር ቤት ግን የለውም።

አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከያ ደንብ አውጥታ በካዮችን በገንዘብ መቅጣት ጀምራለች። የጅማ ጠባይ ከአዲስ አበባ ስለሚለይ ያንኑ እንቅዳ አልልም፤ ከተማ የራሷን ደንብ ማውጣት እንደምትችል ግን አይተንበታል።

አንባቢዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካውም በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል። የሰፈራችን ሰዎች ተስማምተናል፤ ደንቡ ከመጪው ሰኔ በፊት ካልወጣና ያ ፓምፕ እንደገና ከተነሣ፣ አቤቱታችንን በጽሑፍ አስገብተን ቀኑን መቁጠር እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሂርማታ አካባቢ ነዋሪ፣ ጅማ