ፀጉሯን ስለተላጨችው ጓደኛሽ

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በቬትናም፣ በሃኖይ አብራሽ ትማር የነበረችው ጓደኛሽ ልትመንን ፓጎዳ (የቡድሃ ቤተ መቅደስ) መግባቷን፣ ፀጉሯን በተላጨችበት ቀንም እናቷ ከደጃፉ ተቀምጠው ሲያለቅሱ መዋላቸውን ጽፈሽልኝ፣ «ወላጅን አክብር የሚል ሕዝብ ወላጅን ትቶ መሄድን እንዴት ቅድስና ይለዋል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ቬትናማውያን ወላጅን ማክበርን በተማሩበት በጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ በኮንፊሽየስ ትምህርት ሰውነታችን፣ ፀጉራችንና ቆዳችን ሳይቀር ከወላጅ የተቀበልነው አደራ ነው፤ የእርሱን ትምህርት የተከተለው ሜንሺየስም ዘር ሳይተኩ መቅረትን ልጅ በወላጁ ላይ ከሚፈጽመው በደል ሁሉ የከፋ አድርጎታል። መነኩሲት ግን ፀጉሯን ትላጫለች፣ አታገባም፣ አትወልድም። ስለዚህ እናትየዋ ያለቀሱት ስለ ናፍቆት ብቻ አይመስለኝም፤ ነገ በአያቶች መሠዊያ ፊት ዕጣን የሚያጨስ ሰው እንዳይጠፋም ሰግተው ነው።

ቬትናማውያን ይህን የፈቱት በክርክር ሳይሆን በታሪክና በሥርዓት ነው። በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር በ15ኛው ቀን የሚከበረው የቩ ላን በዓል የቆመው በመነኩሴው በሙክ ኪየን ሊየን ታሪክ ላይ ነው። የሞተች እናቱ በተራቡ መናፍስት ዓለም ስትሠቃይ አይቶ ምግብ ቢያቀርብላት፣ ገና ከአፏ ሳይደርስ ፍም ሆነባት፤ ከዚያ ሥቃይ የወጣችው በቡድሃ ምክር ለመነኮሳቱ ማኅበር መባ አቅርቦ ስለ እርሷ ባስጸለየ ጊዜ ነው። ልብ በይ፤ ቤት የቀረ ልጅ ሊከፍል የማይችለውን የእናት ውለታ የከፈለው የመነነው ልጅ ነው። መነኩሴው ቲክ ናት ሃን እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ እናት ከጻፈው አጭር ጽሑፍ ወዲህ ደግሞ በዚያ ቀን እናቱ በሕይወት ያለች ሰው ቀይ፣ የሞተችበት ነጭ ጽጌረዳ ደረቱ ላይ ይሰካል።

ብዙዎች የንጉሥ ትራን ኒያን ቶንግን ምሳሌ ያነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1293 ዙፋኑን ለልጁ አስረክቦ፣ በ1299 የን ቱ ተራራ ላይ መንኖ ቹክ ላም የተባለውን የዜን (በተመስጦ ላይ ያተኮረ የቡድሃ እምነት ዘርፍ) ትምህርት መሥርቷል። እኔን ግን ይህ ምሳሌ አያረካኝም፤ እርሱ አስቀድሞ ወልዷል፣ ወራሹንም አንግሧል፤ ጓደኛሽ የሄደችው ማንንም ሳትተካ ነው። «አንደኛው ምናኔ በቤት፣ ሁለተኛው በገበያ፣ ሦስተኛው በፓጎዳ» የሚለው የቬትናም አባባል ይልቅ የእናትየዋን ወገን ይዞ የሚሟገት ይመስለኛል።

እኔም በአገሩ ሳለሁ በእንግድነት የገባሁበት ቤት አይረሳኝም። ከላይ የቡድሃ ምስል፣ ዝቅ ብሎ የአያቶች ፎቶግራፍ፣ በፊታቸው ብርቱካንና አንድ ስኒ ሻይ ነበር። አሮጊቷ በአንድ ክብሪት የለኮሱትን ዕጣን መጀመሪያ ለላይኛው፣ ቀጥሎ ለታችኛው ሲያቆሙ፣ የቡድሃና የኮንፊሽየስ ትምህርቶች በእጃቸው ላይ ሲጣሉ አላየሁም።

አሁን የምለምንሽ እናትየዋን እየሄድሽ እንድትጠይቂያቸው ነው። ቩ ላን ሲደርስ ወደ ልጃቸው ፓጎዳ አብረሻቸው ሂጂ፤ የአንቺም እናት አለችና ቀዩን አበባ ሰክተሽ ሂጂ። ጓደኛሽ እንዴት እንደተቀበለቻቸው ጻፊልኝ።

አባትሽ