«በቃ» ሲል ጠገብኩ ማለቱ አልነበረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላም ለናንተ ይሁን።

ባለፈው ስለ ደም ግፊት ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ ስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ ስለሚመጣው ሕመም፣ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ «ፊት ይጣመማል፣ ምላስ ይተሳሰራል» የምትል። ውሸት አይደለችም። ግን እኛ ቤት የደረሰው ነገር ግማሹ የመጣው እሷን መስመር ብቻ እናውቅ ስለነበር ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልጨምርበት ብዬ ነው የምጽፈው። ከጅማ ነኝ፣ ሀኪም አይደለሁም፣ አባቴን ሁለት ዓመት ያስታመምኩ ልጅ ነኝ።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ጅማ መርካቶ ቡና የነገደ ሰው ነው። ከገበሬው ጋ በኦሮምኛ፣ ከአዲስ አበባ ከሚመጣው ነጋዴ ጋ በአማርኛ፣ አንዳንዴ ሁለቱንም ባንድ አረፍተ ነገር ውስጥ እያደባለቀ ሂሳቡን በቃሉ የሚሰራ። አንድ ቀን ጠዋት ሱብሂ ሰግዶ ሻይ ሊጠጣ ቁጭ እንዳለ ብርጭቆው ከቀኝ እጁ ወደቀ፣ አፉ በቀኝ በኩል ወረደ፣ ምን ሆንክ አባባ ስንለው «በቃ» አለ። «በቃ፣ በቃ፣ በቃ»። ሌላ ቃል የለም።

እኛ ምን አደረግን፣ ስኳር ወርዶበት ነው ብለን ስኳር በውሃ በጥብጠን አፉ ውስጥ አደረግንለት፣ ትን አለው፣ ሳል በሳል ሆነ። ጎረቤት ደሞ ፊቱን አይቶ ምች ነው አለ፣ ዳማከሴ ተቆርጦ መጣ፣ ተጨመቀ፣ ተቀባ፣ እንደዚህ ስንል ስንል ሆስፒታል የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ያንን ግማሽ ቀን እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ትልቅ ደም ስር ተዘግቶ ያልታከመ ሰው በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴል እንደሚያጣ ያወቅኩት በኋላ ነው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌም ምልክቱ ከጀመረ በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው የሚሰጠው፣ እሱም ሲቲ ስካን የሚሉት የአንጎል ምስል ተነስቶ ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። ለዚህ ነው እቤት አስፕሪን መስጠትም የማይቻለው፣ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። ውሃም ሻይም ዘምዘምም ቢሆን መዋጡ ሳይታይ በአፍ አይሰጥም፣ ወደ ሳንባ ይገባና ሌላ በሽታ ያመጣል።

ሲቲ ስካኑ ታይቶ በግራ በኩል ነው የመታው ተባልን። እኔ ደሞ ቀኝ እጁ አይደል እንዴ የደከመው ብዬ ተከራከርኩ። ሀኪሟ ታግሳ ወረቀት ላይ ሳለችልኝ፣ የግራው አንጎል የቀኙን ገላ ያዛል የቀኙ የግራውን፣ ሽቦው መሀል ላይ ይሻገራል። ቋንቋ ደሞ ቀኝ እጅ በሚጠቀሙ ሰዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ግራ በኩል ነው ያለው፣ ከግራኞችም ብዙዎቹ እንደዛው። ስለዚህ ግራው ሲመታ ቀኝ እጅ፣ ቀኝ አፍና ንግግር አንድ ላይ ይሄዳሉ። ነገሩ ድሮ የታወቀ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል የቀዶ ጥገና ሀኪም «ታን» ከማለት በቀር ምንም የማይናገር በሽተኛ ነበረው፣ ሰውየው ሲሞት አንጎሉን ቢያየው ጉዳቱ ግራ፣ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ላይ ሆኖ አገኘው። እኔ ይህን ስሰማ አባባ ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ፣ የዛ ሰውዬ «ታን» የኛ ቤት «በቃ» ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባባ ከሆስፒታል ወጥቶ እናጎርሰዋለን፣ ሁለት ሶስቴ ጎርሶ «በቃ» ይላል፣ እኛም ጠገበ ብለን ሳህኑን እናነሳለን። ይቆጣል። «በቃ በቃ!» ይላል፣ እሺ አባባ በቃ እንላለን፣ ይብስበታል። ሰውየው ከሳ። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ሳህኑን ልታነሳ ስትል በግራ እጁ ጠርዙን ጨምድዶ ያዘ፣ አይኗን እያየ «በቃ» አላት፣ ያኔ ነው የገባን። ጨምሩልኝ እያለ ነበር! ሊል የሚፈልገው ሁሉ አፉ ላይ ሲደርስ ያችው አንዲት ቃል ሆና ነው የምትወጣው። አባቴን ሁለት ሳምንት ገደማ አስርበነዋል፣ ከጠያቂው መሀል ደሞ «አእምሮው ሄዷል አይሰማም» እያለ ፊቱ ላይ ስለ መሬቱና ስለ እዳው የሚያወራ ነበር፣ እሱ እየሰማ።

ሁሉም በዚህ መንገድ አይታመምም። ካርል ቨርኒክ የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1874 እንደጻፈው ጉዳቱ ከዛው ግራ ወደ ኋላ፣ ጆሮ አካባቢ ሲሆን ሰውየው ያለማቋረጥ ያወራል፣ ዜማው እንደ ንግግር ነው፣ ቃላቱ ግን ትርጉም የላቸውም፣ ሌላው የሚለውንም በደንብ አይረዳም። እንዲህ ያለውን ሰው እብድ ነው ብሎ ማሰር ምን ያህል ግፍ እንደሆነ አስቡት። ሌላው ደሞ ቋንቋው ምንም ሳይሆን ምላሱና ከንፈሩ ብቻ የሚደክምበት አለ፣ የአንጎል ግንድ፣ ማለትም አንጎል ከአከርካሪ ጋ የሚገናኝበት ስር፣ ወይም የአንጎል ጥልቁ ላይ ሲመታ ነው አሉኝ፣ ንግግሩ እንደሰከረ ሰው ይጎተታል ግን ስልክ ብትሰጡት ቴክስት ይጽፍላችኋል። አባባ ግን ስልክ ብትሰጡትም አይጽፍም፣ የጠፋው ምላሱ አይደለም፣ ቃሉ ነው።

በኋላ የገረመኝ ነገር፣ ውሃ ስጡኝ ማለት ያቃተው ሰው የቁርአኑን መክፈቻ ፋቲሃን ጀምረንለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀራው። እንደ ተአምር አየነው። ጸሎት፣ ቁጥር መቁጠር፣ ዘፈን፣ እነዚህ አፍ የለመዳቸው ነገሮች ከሌላው ንግግር በተለየ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ ተባልን። ከሱ ቀጥሎ ደሞ የመጣችው የመጀመሪያ ቃል አማርኛ አልነበረችም፣ «ቢሻን» አለ አንድ ከሰዓት፣ ውሃ ማለቱ ነው፣ በእናቱ ቋንቋ በኦሮምኛ። አማርኛው ከወራት በኋላ ነው ቀስ እያለ የተከተለው። ሁለት ቋንቋ በሚያውቅ ሰው ላይ የግድ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፣ ሁለቱም እኩል የሚመለሱለት አለ፣ ብዙ ይጠቀምበት የነበረው የሚቀድምለትም አለ። ጅማ ላይ ግን ሁለት ሶስት ቋንቋ የማያወራ ስንት ሰው ነው፣ ስለዚህ በአንዱ አልመልስ ሲል በሌላው ሞክሩ።

ስለ ፊት ደሞ ይህችን የግድ አውጡልኝ። የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር፣ ገና ወጣት፣ ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ግማሹ ሞቶ አገኘው፣ እናቱ በአባባ የደረሰውን ስላየች ስትሮክ ነው ብላ ጮኸች። የሱ ግን ግራ አይኑ አይከደንም፣ ግንባሩም ግራ በኩል አይጨማደድም፣ እጅና እግሩ ግን ደህና ነው። የአባባ ተቃራኒ ማለት ነው፣ አባባ አፉ ወረደ እንጂ ግንባሩ እኩል ይጨማደድ ነበር፣ አይኑንም ይጨፍናል። ምክንያቱ የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ክፍል ትእዛዝ ያገኛል፣ አንዱ ቢመታ ሌላው ይደርስለታል፣ የታችኛው ፊት ግን በአብዛኛው ከተቃራኒው ወገን ብቻ ነው የሚታዘዘው። የልጁ ግን ከአንጎል ግንድ ወጥቶ በጆሮ በኩል ፊት ላይ የሚደርሰው ሰባተኛው ነርቭ ራሱ ነው የታመመው፣ እኛ ምች የምንለው፣ ስለዚህ ያ የፊቱ ግማሽ ከላይ እስከ ታች ቆመ። ለሱም መድሃኒት አለው፣ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው የሚሻለው፣ አይኑም እንዳይደርቅ መጠበቅ አለበት። ግን እባካችሁ ግንባሩን አይቼ ምች ነው ብዬ እቤት አስቀመጥኩት የሚል እንዳይኖር፣ የአንጎል ግንድ ላይ የሚመታ ስትሮክም ግንባሩን ጭምር ሊይዝ ይችላል። ፊት በድንገት ከተጣመመ ዳማከሴው ይቆይ፣ ሆስፒታል ነው።

አባባን ጥርስህን አሳይ ስትሉት ቀኝ አፉ አይነሳም ነበር። የልጅ ልጁ መጥታ ስታስቀው ግን ሁለቱም ጉንጮቹ እኩል ይነሳሉ! በትእዛዝ የሚመጣ ፈገግታና ከልብ የሚመጣ ሳቅ አንጎል ውስጥ መንገዳቸው የተለያየ ነው አለችን ሀኪሟ። አንዳንድ ዘመድ ይህን አይቶ «ሲፈልግ ይችላል እኮ ሰንፎ ነው» አለ፣ አባባ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እና ደሞ ስላወራ ቀላል ነው አትበሉ። የጎረቤታችን እማማ በቀኝ አንጎላቸው ነው የታመሙት፣ አንደበታቸው እንደ ድሮው ነው፣ ተርፈዋል ተባለ፣ ግን እንጀራውን ከሳህኑ ቀኝ በኩል ብቻ በልተው ግራውን አያዩትም፣ ግራ እጃቸውን የኔ አይደለም ይላሉ፣ መታመማቸውንም አይቀበሉም። እሳቸውን ብቻቸውን አስፋልት ማሻገር አባባን ከማሻገር ይልቅ ያስፈራል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ቦታውን አልጠራም። አባባን ለአንድ ጉዳይ ይዤ ሄጄ ሰራተኛው ስምዎትን ይናገሩ አለው፣ «በቃ» አለ፣ እንደገና ጠየቀው ጮክ ብሎ፣ ደንቆሮ መሰለው፣ ከዛ ወደኔ ዞሮ «ጤነኛ አይደሉም፣ አይቻልም» አለኝ። አባባ የገዛ መታወቂያውን አውጥቶ ስሙ ላይ ጣቱን አድርጎ እያሳየው ነበር። አለማየት ነው እንጂ ከዚህ በላይ ምን ይናገር? እንደዚህ አይነት ሰው ሲመጣ አትጩሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ጠብቁት፣ እቃውን ወይ ስዕሉን አሳዩት፣ «አዎ» እና «አይ» የሚሉት ቃላትም አፉ ላይ ሊገለባበጡበት ስለሚችሉ አውራ ጣቱን እንዲያሳያችሁ አድርጉ። የንግግር ሕክምና የተማረ ባለሙያ በአገራችን በጣም ጥቂት ነው፣ እኛ የሰራነው ከዚህ አልዘለለም፣ ከስልክ ላይ የብርጭቆ፣ የአልጋ፣ የመድሃኒት ፎቶ አትመን ካርቶን ላይ ለጠፍንለት።

ካወጣችሁት ደብዳቤውን ልታሳጥሩት ትችላላችሁ፣ የግንባሩንና የሳህኑን ነገር ግን አትቁረጡብኝ። ከተቻለም ሁለት ፊት አስስላችሁ አስገቡ፣ አንዱ ግንባሩ የሚጨማደድ አንዱ የማይጨማደድ፣ ማንበብ ለማይችለውም እንዲገባው። ጋዜጣውን አባባ ራሱ ነው የሚገዛው፣ አዟሪው በምልክት ያውቀዋል።

አክባሪያችሁ፣ ከጅማ